የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች፦ በሃሪ ፖተር መዝጊያ ላይ የተደረገ የጽሑፍ ክርክር

የጄ. ኬ. ሮውሊንግ የሃሪ ፖተር ተከታታይ ልብ ወለድ ሰባተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ «ዴዝሊ ሃሎውስ» እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2007 ወጣ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከታተመበት ከ1997 ጀምሮ አሥር ዓመት የጠበቁ አንባቢዎች ፍጻሜውን ካነበቡ በኋላ በአንድ ነገር ላይ ተለያዩ። ወላጆቹን በሕፃንነቱ ያጣው ሃሪ፣ ገዳያቸውን ቮልደሞርትን በሆግዋርትስ የአስማት ትምህርት ቤት በተደረገው ውጊያ ድል ይነሣል። ታሪኩ እዚያው በ36ኛው ምዕራፍ ሊያበቃ ሲችል ደራሲዋ «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ» የሚል አጭር መዝጊያ አከለችበት። በመዝጊያው ሃሪ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ፣ በለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ልጆቹን ወደዚያው ትምህርት ቤት ሲሸኝ እናየዋለን። ይህ መዝጊያ ለታሪኩ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? በደሴ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህር ይገባዋል ይላሉ፤ ደሴ ተወልዳ ያደገችና ዛሬ በሐይቅ ከተማ በነርስነት የምትሠራ አንባቢ አይገባውም ትላለች።

የደሴው መምህር፦

መጽሐፉ እጄ የገባው በ2000 ዓ.ም. አንዲት ዘመዴ ከውጭ ይዛልኝ ስትመጣ ነው። እኔ አንብቤ እንደጨረስኩ ለተማሪዎቼ አዋስኩት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኖ፣ የገጾቹ ጥግ በጣት ወዝ ጠቁሮ ተመለሰልኝ። ካነበቡት ልጆች ጋር ቆሜ አወጋ ነበርና ያኔ የሰማሁትን ዛሬም አልረሳሁትም። ሃሪ ሞቱን ፍለጋ ወደ ጫካው ስለ መግባቱ፣ ስለ መምህሩ ስለ ስኔፕ ምስጢር፣ ስለ ጓደኛው ወንድም ስለ ፍሬድ ሞት ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ መዝጊያው ላይ ሲደርሱ ግን ግማሾቹ ይቆጣሉ። «ምን ሊያደርግላት ጻፈችው?» ይሉኛል። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ መልሴ አንድ ነው፦ ያለዚያ ምዕራፍ ሰባቱም መጻሕፍት የተነሡበትን ጉዳይ ሳያደርሱ ይቀሩ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ሕፃን ግንባር ላይ በቀረ ጠባሳ ነው። ጠባሳው በእንቅልፉም፣ በትምህርት ክፍልም፣ በፈተና ወንበር ላይም ያመዋል፤ ጠላቱ በተቆጣ ቁጥር ያቃጥለዋል። ስለዚህ አንባቢው አሥር ዓመት ሙሉ የጠበቀው የቮልደሞርትን መሞት ብቻ አልነበረም፤ ጠላት ሲሞት ሕመሙም አብሮ መሄድ አለመሄዱን ማወቅ ነበረበት። ይህ ደግሞ በድሉ ማግስት አይታወቅም፤ ቁስል ሽሮ እንደሆነ የሚመሰክረው ጊዜ ነው። ደራሲዋ ጠባሳው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሃሪን አንድም ቀን እንዳላመመው ነግራን፣ ሁሉም ደኅና እንደነበር በአጭር ቃል አስታውቃ ብዕሯን አኖረች።

ብዙዎች ምዕራፉን ተራ ነው ብለው ይነቅፉታል። እኔ የምወደው በዚህ ተራነቱ ነው። ስሙን መጥራት እንኳ የሚያስፈራ ጠላት የነበራቸው ሰዎች በዚያ ምዕራፍ የሚያወሩት የሃሪ ጓደኛ ሮን የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን እንዴት እንዳለፈ ነው፤ ትንሿ ልጅ እንደ ወንድሞቿ ካልሄድኩ ብላ ታለቅሳለች፤ ትልቁ ታናሹን ያበሽቃል። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን ከጦርነቱ በኋላ ዳግም በተከፈተ ሰሞን አንዲት እናት በር ላይ ጠብቃ አዋየችኝ፤ ልጇ የምሳ ዕቃዋን ክዳን እየጣለች አስቸግራት ኖሮ መላ እንድፈልግላት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ምን ያስጨንቃት እንደነበር እኔም እሷም እናውቃለን። ስለ ክዳን የምትጨነቅበት ቀን መድረሱን ሳስብ የዚያ ጣቢያ ምዕራፍ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በኋላም ተራ ነው የሚለውን ነቀፌታ ልቤ አልተቀበለውም።

በእኛ በወሎ ቡና ሲፈላ ከአቦሉና ከቶናው ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው ስኒ በረካ ነው። በረካ ቀጭን ነው፤ ከእሱ የአቦሉን ጉልበት የሚጠብቅ የለም። ነገር ግን ምርቃቱና ዱዓው በእሱ ላይ ስለሚወርድ፣ አቦሉን ጠጥቶ የተነሣ እንግዳ በረከቱን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ከጫካው ጉዞና ከታላቁ አዳራሽ ውጊያ ቀጥሎ የመጣው ይህ ቀጭን ምዕራፍ ለእኔ በረካ ነው።

የአንባቢዎችን ቁጣ ግን አልንቀውም። በ1997 በአሥራ አንድ ዓመቱ ከሃሪ ጋር ትምህርት የጀመረ ልጅ ሰባተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የሃያ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ልጅነቱን ሙሉ አብሮት የኖረ ጓደኛ ተለይቶታል። በአሜሪካ ብቻ በመጀመሪያው ቀን 8.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል፤ ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ሰሞን ሲሰነባበት ሐዘኑ የሚያርፍበት ቦታ መፈለጉ አይቀርም፤ ያረፈውም በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። አብዛኛው ነቀፌታ የመለያየት ሐዘን ይመስለኛል።

የሐይቋ ነርስ፦

ጋሼ፣ በመጨረሻው ሐሳብዎ ልጀምር፤ የከበደኝ እሱ ነውና። አንባቢ ቅር ሲለው «ያሳዘነህ መለያየቱ ነው» ብሎ መመለስ ቃሉን ሳይሰሙ ማሰናበት ይሆናል። መጽሐፉ ሲያልቅ አልቅሻለሁ፤ ያለቀስኩትም እርስዎ እንዳሉት ስለ መለያየቱ ነው። መዝጊያውን የምቃወመው ግን እንባዬ ከደረቀ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደግሜ አንብቤና መዝኜ ነው። ለአንባቢ ይህን ሥልጣን ደራሲዋ ራሷ ሰጥታዋለች፤ የመጽሐፉን መታሰቢያነት ለሰባት ከፍላ ስታበረክት ሰባተኛውን ድርሻ ሃሪን እስከ መጨረሻው ላልተለየው አንባቢ አድርጋለች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከምኖርበት ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው። የአገራችን ብራና ጸሐፊዎች መጽሐፍ ሲፈጽሙ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘሰምዖ» እያሉ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው በአንድነት ምሕረት ይለምናሉ። አንባቢው በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ከጸሐፊው ጋር በአንድ ጸሎት ውስጥ ተጠርቷል። በማብቂያው ስሙ የሚነሣ ሰው ስለ ማብቂያው ሲናገር ቢደመጥ መልካም ነው።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያን ጊዜ መዝጊያውን ወድጄዋለሁ። ሁለተኛ ያነበብኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ከደሴ ወጥተን በታኅሣሥ ስንመለስ ቤታችንን ተከፍቶ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ተገልብጦ አገኘነው። ሰባተኛው መጽሐፍ ወለሉ ላይ በፊቱ ተደፍቷል፤ ሽፋኑ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ከስፌቱ ተገንጥለው የሉም። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛ በነበረበት በዚያ ሰሞን፣ ማታ መብራት ስላልነበረ ቀን ቀን መስኮት ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። የተረፈው ጽሑፍ የሚያበቃው በ36ኛው ምዕራፍ የመጨረሻ መስመሮች ላይ ነው። ሃሪ ከበትር ሁሉ ኀያል የሆነውን የአስማት በትር እንደማይፈልገው ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ በልቡ ያለው መኝታ ክፍሉ የሚጠብቀው አልጋና ምናልባት አንድ ሳንድዊች የሚያመጣለት ቢገኝ ነው፤ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃ መከራ አይቻለሁ ይላል። ወረቀቱ እዚያ ላይ አለቀ። እናቴ ጎረቤት የላከልንን ዳቦ ቆርሳ ስታድል ነበርና የእኔን ቁራሽ ተቀብዬ መጽሐፉን ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ ቆየሁ። ጦርነት ለሰው እንዴት እንደሚያበቃ ከዚህ የበለጠ እውነት የተጻፈበት መስመር አላጋጠመኝም፤ እንቅልፍና ቁራሽ ዳቦ። የጠፉት ቅጠሎች ምን ይሉ እንደነበር አስታወስኩ፤ አልናፈቁኝም።

ለምን አልናፈቁኝም? በዚያው ጀበና ያደግሁ ነኝና የበረካውን ምሳሌ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በረካ ቢቀጥንም ከአቦሉ ቡና የወጣ ነው። መጽሐፉ ሞትን እንዴት እንደሚያከብር እዚያው ውስጥ አሳይቶናል። ዶቢ የተባለው ትንሹ የቤት አገልጋይ ሃሪን አድኖ ሲሞት፣ ሃሪ መቃብሩን በአስማት መቆፈር ሲችል አካፋ አንሥቶ በገዛ እጁ፣ እጁ እስኪላጥ ይቆፍራል። ያን ገጽ ሳነብ የሰፈራችን ቅሬ ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው በየተራ ሲቆፍሩ ይታዩኛል። ሐዘን ሥራ እንዳለው፣ ላብ እንዳለው ደራሲዋ ታውቃለች። ታዲያ የፍሬድ መንታ ጆርጅ የት ገባ? አብረው ተወልደው፣ አብረው ሱቅ ከፍተው፣ አንዱ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሌላው እየጨረሰ የኖሩ ናቸው። አንዱ ሲሞት የተረፈው እንዴት እንደኖረ በመዝጊያው አንድም ቃል አልተነገረንም። ከሃሪ ወገን የተዋጉት ባልና ሚስት ሉፒንና ቶንክስ ሲሞቱ አላየንም፤ አስከሬናቸው በአዳራሹ ከሌሎች ጋር ተጋድሞ ነው ያገኘናቸው፤ በወጉ መርዶ እንኳ አልተነገረንም። ይህ ሁሉ ሐዘን ተከምሮ ሳለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተዘልሎ ጣቢያ ላይ ሲወርድ፣ ሰዎቹ ሐዘናቸውን ተወጥተውት ሳይሆን ደራሲዋ ዘላላቸው ይመስለኛል። እርስዎ ቁስል መሻሩን የሚመሰክረው ጊዜ ነው ብለዋል። በሥራዬ ቁስል አጥባለሁ፤ ጊዜ ብቻውን ሲያሽር አላየሁም፤ ፋሻው በየቀኑ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይታሰራል። መዝጊያው ያሳየን ጠባሳውን ነው፤ ፋሻውን ማን እንደፈታው አላሳየንም።

የደሴው መምህር፦

እህቴ፣ በአንባቢው ድርሻ ረትተሽኛል፤ ቅሬታውን ሁሉ ሐዘን ነው ያልኩትን ቃሌን አንሥቻለሁ። መስኮት ሥር ያነበብሽበትን ቀንም በክርክር አልነካውም። ነገር ግን መርዶውን በተመለከተ፣ የሉፒንና የቶንክስ አሟሟት የተነገረበት መንገድ ከመጽሐፉ እውነቶች አንዱ ነው። ውጊያ መርዶ ነጋሪ አይልክም፤ ሰው የሚወደውን ሰው ከተጋደሙት መካከል በዓይኑ ፈልጎ ያገኘዋል።

ስለ ጆርጅ የምመልሰው የለኝም። ስለ ሐዘን ሥራ ግን፣ መዝጊያው ባዶ ነው ማለትሽን አልቀበልም፤ ቴዲን ዘልለሽዋልና። ቴዲ የእነዚያ የሉፒንና የቶንክስ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በአንድ ሌሊት ሲሞቱበት የጥቂት ሳምንታት ሕፃን ነበር፤ ልክ እንደ ሃሪ። በጣቢያው ምዕራፍ ስለ እሱ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ከዚያው ጥቂት ውስጥ ግን በሳምንት አራት ቀን ያህል እነ ሃሪ ቤት እራት እንደሚበላ ሃሪ ይናገራል። ሃሪ ራሱ በሕፃንነቱ አክስቱ ቤት ከደረጃ ሥር ባለች ቁም ሳጥን መሰል ጓዳ ውስጥ እየተኛ ነው ያደገው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በዚያች ጓዳ የጀመረ ታሪክ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ሌላውን የሙት ልጅ በሳምንት አራት ጊዜ ማዕድ ላይ አስቀመጠው። የአሥራ ዘጠኙ ዓመት ፋሻ እዚያ ማዕድ ላይ ሲፈታና ሲታሰር እንደኖረ ለመረዳት ሌላ ምዕራፍ አያስፈልገኝም። ይህን ያህል ነገር በአንዲት ሐረግ ማስቀመጥ እንደ ዘለላ አይቆጠርም።

ደግሞ መዝጊያው በችኰላ የተለጠፈ አይደለም። ደራሲዋ ረቂቁን ተከታታዩን መጻፍ በጀመረችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ጽፋ አኑራው ነበር። የአሠራሯ ጠባይ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው በአራተኛው መጽሐፍ፣ ቮልደሞርት የሃሪን ደም ወስዶ ሥጋ መልበሱን ሲሰማ በርዕሰ መምህሩ በደምብልዶር ዓይን ለአንድ አፍታ የድል ብልጭታ ይታያል። ይህ ለምን እንደሆነ የተገለጠው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ሃሪ ከጫካው በሕይወት የተመለሰው በዚያ ደም ምክንያት ነበር። ብልጭታውን ሰባት ዓመት ያስቀመጠች ሰው ጣቢያውን ከመጀመሪያው ማየቷን አምናታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሃሪ ሁለተኛ ልጁን አልበስ ሰቨረስ ብሎ ሰይሞታል፤ በሁለት ርዕሳነ መምህራን ስም፣ በደምብልዶርና በስኔፕ። አንደኛው ሃሪን የወደደው ነው፤ ሁለተኛው ለስድስት መጻሕፍት የጠላው የመሰለው፣ በምስጢር ግን በሕይወቱ የጠበቀው ነው። ብዙ አንባቢ በዚህ ስም ስቋል፤ ደግሞም ተቆጥቷል። ወሎ ላይ ለተወለደ ሰው ግን ይህ ስም አይከብድም። የልጁ ስም ከመስጊድ፣ የአባቱ ስም ከቤተ ክርስቲያን የሆነ ስንት ተማሪ በስም መጥሪያዬ ላይ ጠርቻለሁ። ሁለት ወገን በአንድ ሰው ስም ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ቤቱ ውስጥ ምን እንደታለፈ እናውቃለን። የስኔፕ ስሊዘሪንና የደምብልዶር ግሪፈንዶር የተባሉት ሁለት ጠበኛ የተማሪ ቤቶች ለብዙ ዘመን ተጣልተው ኖረው በአንድ ሕፃን ስም ከታረቁ፣ ጦርነቱ ማብቃቱን ከውጊያው ይልቅ ይህ ስም ይነግረኛል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 በመጽሐፉ አቆጣጠር ያ መዝጊያ የሚውልበት ዕለት ነበር። ያን ቀን አንባቢዎች በእውነተኛው ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተሰብስበው ባቡሩ የሚነሣበትን ሰዓት አብረው ጠበቁ። መጽሐፉ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎ፣ ያ ሁሉ ነቀፌታ ተነግሮ፣ ሰው ወደዚያው ምዕራፍ መጣ።

የሐይቋ ነርስ፦

ጋሼ፣ በቴዲ እራት ረትተውኛል ማለት ባልችልም አስተካክለውኛል። ያቺን ሐረግ በአሥራ አምስት ዓመቴ አልፌያት ነበር፤ በሁለተኛው ንባቤ ደግሞ ወረቀቷ አልነበረችም። የሙት ልጅን ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነንና ልናልፋት አይገባም።

ስሙን ግን አልቀበልም፤ በተለይ ከእኛ ስሞች ጋር መመሳሰሉን። የወሎ ስሞች የተወለዱት ከጋብቻ፣ ከጉርብትናና ከአብሮ አደግነት ነው፤ አንዱ ሌላውን በድሎት ይቅር የተባለበት መዝገብ አይደሉም። ስኔፕ መምህር ነበር። ኔቪል የተባለው ዓይን አፋር ልጅ በሦስተኛው መጽሐፍ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የምትፈራው ነገር ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወላጆቹን አሠቃይተው አእምሯቸውን ያሳጧቸው ሰዎች እያሉ፣ ስኔፕ ነው ያለው። እርስዎ መምህር ነዎት፤ አንድ ልጅ ስምዎን እንዲህ አድርጎ ቢጠራው እንቅልፍ አይወስድዎትም ነበር። ስኔፕ ለሃሪ የከፈለውን ዋጋ አከብራለሁ፤ ሃሪም በራሱ በኩል ይቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ኔቪል ያን ጊዜ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል፤ የሃሪ ልጅ ክፍሉ ገብቶ «ሰቨረስ» ተብሎ ሲጠራ ኔቪል ምን እንደሚሰማው ማንም አልጠየቀውም። ዕርቅ በእኛ አገር ሽማግሌ ይዞ፣ ተበዳይን አስቀምጦ ነው የሚወርደው። ሃሪ ኔቪልን ሳያስቀምጥ ዕርቁን ብቻውን አውርዶታል፤ ደራሲዋም ይህን እንደ ጽድቅ አሳልፋዋለች።

ረቂቁ አስቀድሞ ስለ መጻፉ ያነሡት ደግሞ ለእኔ ይመሰክራል። ልጁ ገና ሳይወለድ የተሰፋ ልብስ፣ ልጁ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ትከሻው ላይ ይጠብበታል። ሰባቱ መጻሕፍት እያደጉ፣ እየጨለሙ፣ ሞታቸው እየበዛ ሄዷል፤ መዝጊያው ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ድምፅ ይዞ ቀረ። ደራሲዋም ብትሆን አላረፈችበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠችው ቃለ ምልልስ የሃሪን ሁለት ጓደኞች ሄርማዮኒንና ሮንን ያጋባቻቸው ከምኞቷ የተነሣ እንደነበር ተናግራለች። እኔ በሁለቱ ጋብቻ ቅሬታ የለኝም፤ የማነሣው ደራሲዋ ራሷ ልብሱ የት ላይ እንደጠበበ ስላመለከተች ነው።

አንባቢ ያለ ማጽናኛ ምዕራፍ መኖር ይችላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በዛብህና ሰብለ ወንጌል በሞት ሲለያዩ አገር አልቅሷል፤ ተጨማሪ ምዕራፍ ይጻፍልን ያለ ግን አልሰማሁም። «ዊል ኦፍ ታይም» የተባለውን ረጅም የምናብ ተከታታይ ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1990 ጀምሮ በ2007 ሳይጨርሰው ሲሞት፣ ሌላው ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን ከተወው ማስታወሻ ቀጥሎ 14ኛውንና የመጨረሻውን ቅጽ በጃንዋሪ 2013 አወጣው። ከመጨረሻው ውጊያ በኋላ መጽሐፉ ብዙም አይቆይም፤ ማን ምን ሆኖ ኖረ የሚለው በአብዛኛው አልተነገረም። አንባቢው የቀረውን ራሱ ያስበዋል፤ ሰዎቹም በአንባቢው ልብ ውስጥ ሕያው ሆነው ይቆያሉ።

የደሴው መምህር፦

እዚያም ቢሆን እኮ ብዙ አንባቢ ትንሽ ቢጨመርልን ብሏል፤ ረሀቡ አንድ ነው። በዛብህና ሰብለን በተመለከተ ደግሞ፣ ያ መጽሐፍ ከርዕሱ ጀምሮ መቃብርን ቃል ገብቷል፤ ይህኛው ቃል የገባው ባቡር ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ብቸኛ ልጅ የሚሸኘው ዘመድ አጥቶ፣ ሻንጣውን እየገፋ፣ የጣቢያውን መግቢያ ለማያውቃት የሌሎች ልጆች እናት ይጠይቃል። ተረት ነጋሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለው የወሰደንን ልጅ ወደ ተነሣበት ደጅ መልሶ ካደረሰ በኋላ ነው። ሃሪን ያለ ሸኚ የቆመበት ቦታ ሸኚ አድርጎ ሳይመልስ የቀረ ተራኪ ዳቦውን ባልሰጠሁት ነበር።

በኔቪል ነገር ግን መልስ የለኝም። ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ስገባ የማስበው እሱን ይሆናል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ስሜን በፍርሃት የጠራ ልጅ አልነበረም ብዬ መማል አልችልም። ስሙን የምከላከለው ለሃሪ ብቻ ነው፤ ለኔቪል አልከላከልለትም።

የሐይቋ ነርስ፦

ተረታችን እኮ «መልሱ» ነው የሚለው፤ ተረቱ ከነጋሪው ወደ ሰሚው አልፎ ስለሄደ ነው መልሱ የሚባለው። ሰሚው እጅ ከገባ በኋላ የሰሚው ነው፤ እኔም የእኔን የምመልሰው እንደተቀበልኩት፣ አልጋና ቁራሽ ዳቦ ላይ አቁሜ ነው።

ሆኖም የእርስዎን ቅጂ ልከውልኝ የጠፉትን ቅጠሎች እንደገና አንብቤአለሁ፤ የራሴንም መጽሐፍ ከተማ ውስጥ ለሚጠርዝ ሰው ሰጥቻለሁ። ሦስት ቀን ስለፈለገ የሚጨመርበትን ለማሰብ ጊዜ አግኝቻለሁ። ስለ መንጃ ፈቃዱ የሚያወራውን አላስገባም፤ የጠባሳውንም መስመር አላስገባም። በመዝጊያው ውስጥ ግን ልጁ አልበስ ስሊዘሪን ቤት ብመደብስ ብሎ ፈርቶ አባቱን በጆሮው ሲያማክረው፣ ሃሪ ቁጢጥ ይልለታል፤ የልጁ ፊት ከአባቱ ፊት ጥቂት ከፍ እስኪል ድረስ ዝቅ ይላል። ከዚያም ከልጆቹ ለአንዱም ነግሮት የማያውቀውን፣ ምርጫው ዋጋ እንዳለውና ለራሱም እንደዚያ ሆኖለት እንደነበር ይነግረዋል። የፈራ ሰው ሲያናግሩ ዐይን ከዐይኑ በታች እንዲሆን መቀመጥ እንዳለብኝ በአልጋ አጠገብ የተማርኩት እኔም በሥራዬ ነው። ያን ግማሽ ገጽ በእጄ ጽፌ፣ የተጠረዘው መጽሐፍ ሲመለስልኝ ከ36ኛው ምዕራፍ ቀጥሎ እለጥፈዋለሁ፤ የእርስዎን ቅጂ ደግሞ ቅዳሜ ደሴ ስመጣ ይዤልዎት እመጣለሁ።